ሚዛን ውስጥ የገባው ድንጋይ

ክር ላይ አልሳሳትም። ሽሮ ሜዳ ካለችው የጥልፍ ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ የሐበሻ ቀሚስ ስጠልፍ የዕድሜዬ ግማሽ አልፏል። ሁለት ቀይ ክር ጎን ለጎን ቢቀመጥልኝ የቱ ከየትኛው ጥቅል እንደተቆረጠ እናገራለሁ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም። እሺ፣ ትንሽ ለጉራም ነው። ጠማማ ስፌት ካየሁ ደግሞ ልብሱ የማንም ይሁን የማን፣ ባለቤቷ እያየችኝ እፈታዋለሁ። በዚህ ጠባዬ የሸሹኝ ደንበኞች አሉ፤ አይቆጨኝም።

ችግሩ ሥራው ዓይኔን በላው። መርፌ ቀዳዳ ውስጥ ክር ማስገባት ሲያቅተኝ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ሐኪሟ ፈጣን፣ ነገር የማታበዛ ሴት ነበረች፤ መነጽር አዘዘችልኝና «ቀኑን ሙሉ አፍንጫዎ ሥር ያለ ነገር ነው የሚያዩት። ማታ ማታ ሩቅ ሩቁን ይዩ፤ ዓይንዎ ይረፍ» አለችኝ። እኔ የታዘዘልኝን መድኃኒት እስከ መጨረሻዋ ፍሬ የምውጥ ሰው ነኝ። በዚያው ዕለት ማታ ሩቅ ማየት ጀመርኩ።

ጉለሌ ያለው ግቢያችን ከወላጆቻችን የቀረልን ነው። ሁለት ቤት አለበት፤ በአንዱ እኔ እኖራለሁ፣ በሌላው ታላቅ እህቴ ከአንድ ሴት ልጇ ጋር ትኖር ነበር። በቤቶቹ መካከል የውኃ ሮቶ የተቀመጠበት ከፍ ያለ የኮንክሪት ማቆሚያ አለ። በብረት መሰላል ይወጣበታል፤ ከሮቶው ጎን ሁለት ሰው የሚያቆም ቦታ ተርፏል። እዚያ ላይ ወጥቼ መጀመሪያ ያየሁት እንጦጦን ነው። ባሕር ዛፉን አየሁ፣ ዳገቱ ላይ ያሉትን መብራቶች አየሁ። ተራራ ግን አንዴ ካዩት በኋላ አይለዋወጥም፤ በሳምንቱ ሰለቸኝ። አንገቴን ቀና ሳደርግ ሰማይ አለ፤ እሱን ገና አልነካሁትም ነበር።

የእህቴ ልጅ ነገሩን ስታይ ሩቁን የሚያቀርብ ባይኖኩላር ገዝታ አመጣችልኝ። «አክስቴ፣ የሰው መስኮት እንዳታዪበት አደራ» አለችኝ። የሰው መስኮት ምን አለው? ሁሉም ቤት ቴሌቪዥን ነው የሚያየው። ክርኔን ሮቶው ላይ አስደግፌ ባይኖኩላሩ እንዳይንቀጠቀጥ ማድረግ ቻልኩ፤ ከዚያ በኋላ ማታ ማታ ከዚያ ማን ያወርደኛል!

ቬስታ ስለሚባለው አስትሮይድ መጀመሪያ የነገረኝ ስልኬ ላይ የጫንኩት የሰማይ ካርታ ነው። አስትሮይድ በማርስና በጁፒተር መካከል ሆኖ ፀሐይን የሚዞር ድንጋይ ነው። ብዙ ናቸው፤ ይሄኛው ከትልልቆቹ አንዱ ነው። ወርዱ ከአዲስ አበባ መቀሌ ይደርሳል። ይህን የሚያህል ነገር በባይኖኩላር ሲያዩት ግን ተራ ኮከብ ነው፣ ከጎረቤቶቹ በምንም አይለይም። የሚያጋልጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይሄዳል። ሌሎቹ ኮከቦች እርስ በርሳቸው ቦታቸውን ይዘው ሲቆዩ እሱ በየማታው ትንሽ ትንሽ ፈቀቅ ይላል። ስለዚህ እሱን ለመያዝ በአካባቢው ያሉትን ሁሉ ምልክት አድርጎ መቆየትና ቦታውን የለቀቀው ማን እንደሆነ ማየት ያስፈልጋል።

ሌላው ሰው ይህን የሚያደርገው ወረቀት ላይ በእርሳስ ነው አሉ። እኔ እርሳስ አላምንም። ጥልፍ በምወጥርበት የእንጨት ክብ ላይ ጥቁር ጨርቅ ወጠርኩ። ሮቶው ጋ ቆሜ ባይኖኩላሩ ውስጥ ባየሁት ኮከብ ልክ ስፒል እሰካለሁ፤ ቤት ገብቼ ስፒሉን እየነቀልኩ በነጭ ክር ነጥብ እሰፋበታለሁ። ለደማቁ ሁለት ስፌት፣ ለደብዛዛው አንድ።

ከዳግም ትንሣኤ በኋላ ነው። ሁለት ማታ ደመና ከለከለኝና በሦስተኛው ስወጣ ከሰፋኋቸው ኮከቦች አንዱ ስፌቱ ላይ የለም። ከነበረበት ትንሽ ከፍ ብሎ፣ ምንም ባልሰፋሁበት ቦታ፣ አዲስ ኮከብ ቆሟል። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ አላሰብኩም። ክር ላይ አልሳሳትም ብያለሁ። ኮከቡ ነው የሄደው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እዚያው ሮቶውን ተደግፌ አለቀስኩ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ ብቻ ደስ አለኝ፤ ያን ያህል ደስታ ከጠፋኝ ቆይቶ ነበር።

ያንን ስፌት ፈትቼ በቀይ ክር ደገምኩት፣ ከላዩም አዲሱን ቀይ ነጥብ ጨመርኩ። ካርታው ቬስታ የሚገኘው ሚዛን በሚባለው የኮከቦች ክልል ውስጥ እንደሆነ ያሳያል፤ የክልሉንም ድንበር በቀጭን መስመር ያሳያል። እኔም ጨርቁ ባዶ መስሎ ስለታየኝ ድንበሩን በቢጫ ክር አሰመርኩት። ሰማይ ላይ እንዲህ ያለ አጥር የለም። ጥልፈኛ ነኝና ጠርዝ የሌለው ነገር ስለማይጥመኝ ነው። የኋላ ኋላ ያስቸገረኝ ይኸው ቢጫ ክር ነው።

እዚህ ላይ ስለ እህቴ መናገር አለብኝ። እህቴ በብዙ ዓመት ትበልጠኛለች፤ ሕፃን ሳለሁ አዝላኛለች፤ ዛሬም እትዬ ነው የምላት። ባሏ ልጃቸው ገና ስትድህ «ሥራ ላፈላልግ» ብሎ ወጥቶ በዚያው ቀረ። አልሞተም፤ የሆነ ከተማ እንዳለ በየጊዜው ይሰማል። እህቴ ግን ስለ እሱ አታወራም። ልጇን ያለ አባት አሳደገች፣ አስተማረች። ልጅቷ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሽማግሌ የተላከው ከዐቢይ ጾም በፊት ነው፤ እህቴም እሺ ብላለች። ሰርጉ የሰኔ ጾም ሳይገባ፣ በግንቦት መጨረሻ ሊሆን ተቆረጠ። የሙሽራዪቱን ቀሚስ የምጠልፈው፣ እንግዲህ ማን ሊሆን ነው፣ እኔ ነኝ።

ድንጋዩን ባገኘሁበት ምሽት ክቤን አንጠልጥዬ ከመሰላሉ ስወርድ እህቴ ግቢው ውስጥ የደረቀ ልብስ ከገመድ ላይ እየሰበሰበች ነበር።

«እትዬ፣ ያዝኩት!» አልኳት።

«ምኑን ነው የያዝሽው?»

«ድንጋዩን ነዋ! ከዚህ እስከ መቀሌ የሚያህል ድንጋይ፣ ሰማይ ላይ።»

«ኧረ በስመ አብ! የት ጋ ነው ያለው?»

«ሚዛን ውስጥ ገብቷል» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው። እህቴ አንሶላውን እንዳቀፈች ቆማ ቀረች። ከዚያ ገመዱ ላይ የቀረውን ልብስ ትታ ቤቷ ገባች። እኔ ደክሟት ነው ብዬ፣ በደስታዬ ላይ ሌላ ሐሳብ ሳልጨምር ተኛሁ።

በማግስቱ ቀትር ሳይደርስ የእህቴ ልጅ ነጭ የሥራ ጋውኗን እንደለበሰች ሱቄ ገባች። የራሷ ቀሚስ እግሬ ላይ ነበር፤ የደረቱን ጥልፍ ልጨርስ ትንሽ ቀርቶኛል።

«እማዬ ሰርጉ ይቅር አለች» አለችኝ።

«ምን አባቱ ነው ደግሞ የሚቀረው?»

«አክስትሽን ጠይቂያት አለችኝ። ምን ብለሻት ነው?»

ምን እንዳልኳት አሰብኩ፤ ምንም አላልኳትም። «አንቺስ ምን አልሽ?» አልኳት።

«እኔ ምን እላለሁ? እማዬ ሳትመርቀኝ ከዚያ ቤት አልወጣም። እጮኛዬም ያውቃል።» ቀሚሱን በጣቷ ነካ አድርጋ «ካልታዘልኩ አላምንም ያለችው ሙሽራ እውነቷን ነው» አለችና ሳቀች። ሳቋ ግን ወዲያው አለቀ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ይህችን ልጅ እናቷ ብቻ አይደለችም ያሳደገቻት። ቀሚሱን አጣጥፌ፣ ሱቁን ዘግቼ፣ ታክሲ ተሳፍሬ ቤት ገባሁ።

እህቴ ሳሎኗ ውስጥ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። ነገሩን አንድ በአንድ አወጣጣኋት። ለካ ሽማግሌ በተላከ ሰሞን ማንም ሳያውቅ ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄዳለች። ወጉን ታውቁታላችሁ፤ የልጅቷ ስም ከእናቷ ስም ጋር፣ የልጁም እንዲሁ ከእናቱ ስም ጋር ይደመርና ኮከባቸው ይወጣል፣ መግጠም አለመግጠሙ ይታያል። ሰውዬው ደምሮ ደምሮ የልጅቷ ኮከብ ሚዛን እንደሆነ፣ ከልጁም ጋር እንደሚገጥም ነግሯታል። ይህን ብሎ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እሷ ልትወጣ ስትል ግን «ብቻ ሚዛኗ ላይ ከባድ ነገር እንዳይወጣባት ተጠንቀቂ» ብሏታል። እህቴ ይህን ቃል ይዛ ጾሙን ሙሉ ከረመች። እኔ ደግሞ ከሮቶ ላይ ወርጄ፣ መቀሌ የሚደርስ ድንጋይ ሚዛን ውስጥ ገብቷል አልኳት።

«ለንስሐ አባትሽ ነው የምነግርልሽ!» አልኩ። ጮኬም ነበር።

«ንገሪ።»

ክቤን ከቤቴ አምጥቼ ቀዩን ነጥብ አሳየኋት። «ይሄ ድንጋይ እኛን አያውቀንም። ከፀሐይ እንኳ ይልቅ ሩቅ ነው ያለው። በማንም ላይ አይከብድም።»

«ገብቷል ያልሽው አንቺ ነሽ። ድንበሩንም የሰፋሽው አንቺው ነሽ።»

ይህ እንኳ እውነት ነው። ከዚያ እህቴ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ይወጣል ወይ?» አለች።

«ይወጣል።»

«ሰርጉ ሳይደርስ?»

«ሳይደርስ። ይኸው ስልኬ ላይ . . .»

«በስልክ አልቀበልም። በዓይኔ ካላየሁ አልመርቅም።»

እሺ አልኩ። እሺ ያልኩት ተናድጄ ነው፤ ስናደድ ነው ብዙ ነገር እሺ የምለው። ደግሞ እርግጠኛ ነበርኩ። ድንጋዩ በየማታው ወደ ቢጫው ክር እየተጠጋ ነው፤ በዚያ አካሄዱ እንደሚወጣ ስልክም ባይኖር ከቀዮቹ ነጥቦች ይታያል። ሱቅ ተመልሼ የልጅቷን ቀሚስ መጥለፍ ቀጠልኩ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በየምሽቱ፣ ከእራት በኋላ፣ እህቴ ጋቢዋን ተከናንባ የቀሚሷን ጫፍ በአንድ እጇ ሰብስባ መሰላሉን ትወጣለች። እኔ ከታች እደግፋታለሁ፤ እሷ «ልቀቂኝ፣ አሮጊት መሰልኩሽ?» ትለኛለች። ጎረቤቶች ሁለት ሴቶች በየማታው ሮቶ ላይ ሲወጡ እያዩ ካጥሩ ማዶ «ውኃ መጣ እንዴ?» ይሉናል። «አልመጣም!» እንላለን። በሁለተኛው ሳምንት አንዷ ባልዲ ይዛ መጥታ እስክታጣራ ድረስ አላመኑንም።

መጀመሪያ እህቴ ባይኖኩላሩ ውስጥ ከጭለማ በቀር ያየችው የለም። ቀጥሎ የራሷን ሽፋሽፍት አየች። ትዕግሥቴ አልቆ ልጮህባት ስል ባይኖኩላሩን ጨብጣ ቀጥ አለች። «ይሄ ሁሉ ነው እንዴ?» አለች፣ ቀስ ብላ። ሰማይ በባይኖኩላር ምን ያህል ኮከብ እንዳለው ማንም አልነገራትም። አንድ ማታ መብራት ሲጠፋ ሰፈሩ በሙሉ ያማርራል፣ እኛ እላይ ሆነን እሰይ አልን፤ ከተማው ጨለም ሲል ደብዛዞቹ ሳይቀሩ ብቅ አሉ።

እህቴ ለሩቅ ነገር ከእኔ የተሻለ ዓይን አላት። ይህን ማመን አልወደድኩም፤ ግን አላት። ባይኖኩላሩን ይዛ እሷ ታያለች፤ እኔ በእጅ ባትሪ ብርሃን ክቡን ይዤ ስፒል እሰካለሁ። ባትሪው ዓይናችንን እንዳይወጋ መስታወቱን በቀይ ጨርቅ ሸፍኜዋለሁ። «እዚህ ጋ?» እላታለሁ። ትመለከትና «አይደለም፤ ትንሽ ከፍ አድርጊው» ትለኛለች። እኔን፣ ሽሮ ሜዳ ላይ ሴቱ ሁሉ ስፌት የሚያማክረኝን ሰው! ከፍ አደርገዋለሁ። ስወርድ በስልኬ ሳመሳክር እሷ ያለችው ልክ ነው።

ከዚያ ደመናው መጣ። የግንቦት ዝናብ ሲመጣ አስቀድሞ አያስታውቅም። ቀይ ነጥቡ ከቢጫው ክር አጠገብ፣ ጥፍር በማታህል ቦታ ላይ ቆሞ ሰማዩ ተዘጋብን። አንድ ማታ፣ ሁለት ማታ፣ ሦስት። እህቴ ደመናም ሆኖ ትወጣለች። «ምን ታያለሽ?» ስላት «ከተከፈተ ልድረስበት» ትለኛለች። ልጅቷ ከታች በመስኮቷ ታየናለች። ድግሱ መጠንሰስ ያለበት ጊዜ እየደረሰ ነበር።

ከነዚያ በአንዱ ማታ፣ ሁለታችን ሮቶውን ተደግፈን ቆመን ሳለ፣ እህቴ ሳልጠይቃት መናገር ጀመረች።

«የልጅቷ ስም ብቻ ቢቆጠር ኖሮ ምንም አልፈራም ነበር» አለች። «የእናት ስም ይደመራላ። ከባዱ የኔ ስም ነው።»

«ምን ማለትሽ ነው?»

«አባቷ የሄደ ጊዜ አማቴ ምን አለችኝ መሰለሽ? ኮከብሽ ነው ያባረረው አለችኝ። እዚህ፣ በር ላይ ቆማ። ልጄን ታቅፌያት ነበር።»

ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ግቢ ውስጥ ኖረን፣ ከአንድ ቧንቧ ቀድተን፣ ይህን ነግራኝ አታውቅም። እንዲያ ተናድጄ አላውቅም። አማቷ ካረፈች ቆይቷል፤ ነፍሷን ይማር፣ በሕይወት ብትኖር ግን ያን ማታ ቤቷ ድረስ እሄድ ነበር።

«እትዬ፣ እሱን ኮከብ አላባረረውም» አልኳት። «የገዛ እግሩ ነው ይዞት የሄደው።»

ሳቀች። አፏን በጋቢዋ ጫፍ ሸፍና ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ ሳቀች። ከዚያ መሳቋን ይሁን ማልቀሷን መለየት አቃተኝና እጄን ትከሻዋ ላይ አደረግሁ። ነገሩ በአንድ ቀልድ እንደማይወጣላት ታውቆኛል። ሰው ያለ ጥፋቱ የተጫነበትን ነገር ያን ያህል ዓመት ከተሸከመው የራሱ ይመስለዋል።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከባድ ዝናብ ጥሎ ሰማዩ ታጥቦ ወጣ። ገና ሳይመሽ ወጥተን ጠበቅን። ኮከቦቹ አንድ በአንድ ሲወጡ እህቴ ባይኖኩላሩን አነሳች። ቀስ ብላ ከአንዱ ደማቅ ወደ ሌላው ሄደች፤ በዚያን ጊዜ መንገዱን ከእኔ እኩል ታውቀዋለች። «ስፒሉን ስጪኝ» አለችኝ። ሰጠኋት። በራሷ እጅ ሰካችው። ስፒሉ ከቢጫው ክር ወዲያ ማዶ ነበር።

«ወጣ» አለች። አማተበች። ፊቷ በዚያች ቀይ ብርሃን እንኳ ሲፈታ ይታያል። «ተመስገን፣ ወጣ! በይ ውረጂ፣ ለልጅቷ ልንገራት።»

እዚህ ላይ እኔ የማውቀው፣ እሷ የማታውቀው አንድ ነገር ነበር። ድንጋዩ የወጣው ወደ ኋላ እየሄደ ነው። ታክሲያችን አስፋልት ላይ ከጎኑ ያለውን መኪና ሲቀድመው ያኛው ወደ ኋላ የሚሄድ እንደሚመስለን፣ መሬትም በዚያ ሰሞን ቬስታን እየቀደመችው ስለነበር እሱ ወደ ኋላ የሚመለስ ይመስላል። ካለፍነው በኋላ ግን ያቆምና ወደ ቀድሞ አቅጣጫው ይዞራል፤ በክረምቱ ሚዛን ውስጥ ተመልሶ ይገባል። ዝም ብል ማንም አይነግራትም። ክረምት ነው፣ ደመና ነው፤ ሰማዩ ራሱ ይሸፍንልኛል። ልጅቷም ያኔ ከነምርቃቷ አግብታ ቤቷ ገብታለች። መሰላሉን ስወርድ ይህን ሁሉ አሰብኩ፣ አፌንም ዘጋሁ።

ዝምታዬ የቆየው መሰላሉ እስኪያልቅ ነው። እህቴ «በዓይኔ ካላየሁ» ብላ፣ በዚያ ዕድሜዋ፣ በየማታው ወጥታ፣ ራሷ አይታ ራሷ ስፒል ሰክታለች። ግማሹን አሳይቼ ግማሹን ብደብቃት ከኮከብ ቆጣሪው በምን እሻላለሁ? ሰርጉም ቢፈርስ ይፍረስ፣ ዋሽቼ አልድራትም ብዬ ቆረጥኩ።

«እትዬ» አልኩ። «ይመለሳል።»

«ምኑ?»

«ድንጋዩ። ክረምት ላይ ዞሮ ሚዛን ውስጥ ይገባል።»

ቆመች። የልጅቷ መስኮት ብርሃን ግማሽ ፊቷ ላይ ነበር።

«ሌላ ድንጋይ?»

«እሱው ራሱ።»

«ሄዶ፣ ተመልሶ ይመጣል?»

«አዎ። ሁሌም እንዲሁ ነው።»

የመሰላሉ የታችኛው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ጋቢዋን ጉልበቷ ላይ ሰበሰበች። እኔ ሊመጣ ያለውን ቁጣ እየጠበቅኩ ነበር። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ የአንድ ነገር ሒሳብ እንደገባው ሰው።

«የሚመለስ ነገርማ ምን ይከብዳል» አለች። «እኔን የከበደኝ ያልተመለሰው ነው።»

ከደረጃው ተነሳችና የልጇን በር አንኳኳች፤ በሩ ሲከፈት «ነገ ጌሾ እንገዛለን» ስትል ሰማኋት። ልጅቷ ስትጮህ ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ካጥሩ ማዶ «ውኃ መጣ?» ያለም አልጠፋም።

ሰርጉ በተቆረጠለት እሑድ ሆነ። ቀሚሱ እንዴት እንደነበር እኔ ባልናገር ይሻላል፤ ያያችሁት ተናገሩ። እህቴ ልጇን በር ላይ ስትመርቅ እንደ ወጉ «ውለጂ፣ ክበጂ» ብላ ጀመረች። «ክበጂ» ስትል ዓይኗ ወደ እኔ ዞረ፤ ሁለታችንም ሳቃችንን ዋጥን። ኮከብ ቆጣሪውን ዳግመኛ አላነሳችውም፤ እኔም ለንስሐ አባቷ አልተናገርኩም። እሷው ራሷ ተናግራ ቀኖና ተቀብላለች።

ክረምቱ ገባ። ልጅቷ ከተማው ሌላ ዳርቻ ነው የምትኖረው፤ ሁለት ታክሲ ይያዛል፣ በዝናብ ደግሞ መንገዱ አይገፋም። የእህቴ ቤት ጸጥ አለ። ሬዲዮኗን ጮክ አድርጋ ትከፍታለች፤ እያዳመጠችው እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ። ሐምሌን ሙሉ አንድም ኮከብ አላየንም። ክቡ ግድግዳዬ ላይ ተሰቅሎ ቀዩ መስመር ከቢጫው ክር ወጥቶ ቆሞ ነበር።

በነሐሴ፣ ከፍልሰታ ፍቺ በኋላ፣ አንድ ምሽት በሬ ተንኳኳ። እህቴ ናት፤ ጋቢዋን ደርባለች፣ ባይኖኩላሩን ከመደርደሪያዬ ላይ ራሷ አነሳች።

«ተነሺ፣ ተከፍቷል» አለችኝ።

መሰላሉ ርጥብ ነበር። ሚዛን በዚያን ጊዜ ወደ ምዕራብ አዘንብላለች፤ ድንጋዩም ርቆን ሄዶ ደብዝዟል። እኔ ፈልጌ አጣሁት። እህቴ አልቸኮለችም። ክርኗን ሮቶው ላይ አደላደለችና ከአንዱ ኮከብ ወደ ሌላው፣ ሰው የገዛ ሰፈሩን መንገድ እንደሚሄድ፣ ሄደች። ስፒሉን ሰካች። ከቢጫው ክር ወደ ውስጥ ነው።

«ገብቷል» አለች።

ስልኳን ከደረቷ አወጣችና እዚያው ቆማ ልጇ ዘንድ ደወለች። «እኔ ነኝ። ደህና ነኝ። ገብቷል . . . ድንጋዩ ነዋ! አዎ፣ ተመልሷል።» ትንሽ አዳመጠች። «አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?» አለች። የልጅቷን ድምፅ እሰማለሁ፤ ቃሉን ግን አልለየሁትም።

እህቴ ስልኩን ዘጋች። «ቅዳሜ» አለችኝ። ከዚያ «ቀይ ክርሽ የታለ?» አለች።

ቤቴ ገብተን አምፖሉ ሥር ተቀመጥን። መርፌውን እኔ ክር አስገባሁላት፤ ነጥቡን እሷ ሰፋችው። ስፌቱ ጠማማ ነው። ክቡ ዛሬም ግድግዳዬ ላይ አለ፤ አልፈታሁትም።